ከዝናሽ ቤት ያመለጠች ምስጢር

ሰቆጣ ውስጥ ምስጢር የሚቋጥር ሰው አምጡ ብትባሉ ብዙ አትድከሙ፤ ወደ ዝናሽ ቤት ሂዱ። ዝናሽ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በፍርድ ቤት ታይፒስት ሆና ሠርታለች። ጡረታ ከወጣች ወዲህም ቤቷ ቁጭ ብላ ለባለጉዳይ ማመልከቻ ትጽፋለች። ማን ማንን እንደከሰሰ፣ የማን በሬ የማንን ማሳ እንደጋጠ፣ የትኛዋ ሴት ባሏን በምን እንዳማረረች ሁሉም በጣቷ አልፏል፤ በአፏ ግን አንድም አላለፈም። አንድ ጊዜ ሁለት የፃግብጂ ገጠር ጎረቤታሞች በአንድ ጠዋት፣ አንዱ አንዱን ሳያይ፣ እርስ በርስ ሊካሰሱ መጡባት። ለፊተኛው ጻፈች፤ ለኋለኛውም ጻፈች። ሁለቱም መርቀዋት ሄዱ፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ሲገናኙ ነው ነገሩ የገባቸው።

ባሏ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የገዛ አጎቱ ልጅ መከሰሱን የሰማው ገበያ ላይ ነው። ወረቀቱን የጻፈችው እቤቱ አብራው የምትበላው ሚስቱ ነበረች። በዚህ ተቀይሞ አንድ ሳምንት አኮረፋት። ለምን እንዳኮረፈ ሰው ቢጠይቃት እሱንም አልተናገረችም።

ሥራዋም ሥርዓት አለው። ማመልከቻው ከታተመ በኋላ ወረቀቱን ይዛ ለባለጉዳዩ ከላይ እስከ ታች ድምፅ አውጥታ ታነብለታለች። ከዚያ አውራ ጣቱን ቀለም ታስነክረዋለች። ጣቱ ወረቀቱ ላይ ከማረፉ በፊት ግን መነጽሯን ዝቅ አድርጋ "ሐሰት የለበትም?" ትላለች። ይህቺ ጥያቄ ስንቱን አስደንግጣለች መሰላችሁ። ቀለም የነካ ጣቱን አየር ላይ ሰቅሎ "እንግዲያው ያቺ የበጓ ነገር ትውጣልኝ" ያለውን ሰው ቤቱ ይቁጠረው። ዝናሽም ሳትቆጣ ተመልሳ ትጽፍለታለች።

የዝናሽ ታላቅ ወንድም መምህር ደጅይጥኑ እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከእሷ ቤት ጀርባ፣ አባታቸው በሠራው አንድ የድንጋይ ግድግዳ ተለያይተው ይኖራሉ። አራተኛ ክፍል ያስተማሯት እሳቸው ስለሆኑ እስከ ዛሬ "አያ" እያለች በአክብሮት ነው የምታናግራቸው። እሳቸውም ጡረታ ከወጡ ጀምሮ አንድ ሥራ ይዘዋል፤ የአካባቢውን ቋንቋ፣ የኽምጣንጋን ቃላት ሰብስቦ በአማርኛ እየፈቱ መዝገበ ቃላት ማዘጋጀት። አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ችግሩ እሳቸው ከተማ ስላደጉ ኽምጣንጋቸው ይሰባበራል። ጥልቁን ቋንቋ የምታውቀው ሚስታቸው ወለተ ሰንበት ናት። ወለተ ሰንበት የፃግብጂ ቄስ ልጅ ናት። አባቷ የመንደሩን ወንድ ልጅ ሁሉ ፊደል ሲያስቆጥሩ እሷን ውኃ ቅጂ ይሏት ነበር። ዳዊቱን ከውጭ እየሰማች በቃሏ ይዛዋለች፤ ከፊደል ግን ሀን ከለ አትለይም።

ባሕር ዳር የሚሠራው የዝናሽ ልጅ፣ መሥሪያ ቤቱ ያገለገሉ ዕቃዎች ሲያስወግድ፣ ሁለት ኮምፒዩተርና አንድ ፕሪንተር ላከላቸው። ይህ በሚሌኒየሙ ዓመት ነው። ኮምፒዩተሩን አንድ አንድ ተካፈሉ፤ ፕሪንተሩ ግን ለሁለት አይቆረጥምና ባለጉዳይ ያላት ዝናሽ ዘንድ ተቀመጠ። መምህሩ ማተም ሲያምራቸው ጽሑፋቸውን በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ። ያ ፍላሽ ደግሞ ያልገባበት መሥሪያ ቤት አልነበረም። ትምህርት ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ ግብርና ይሄዳል፤ ሁለተኛ ደረጃው ይሄዳል፤ ሲመለስ የየቤቱን ቫይረስ ለቅሞ ይመጣል። አንድ ቀን ዝናሽ ኮምፒዩተሯን ብትከፍት የአሥራ ዘጠኝ ሰው ማመልከቻ በሙሉ ትንንሽ አራት ማዕዘን ብቻ ሆኖ ጠበቃት። አሥራ ዘጠኙንም ከጭንቅላቷ አውጥታ እንደገና መታቻቸው፤ አንድ ቃል አልጎደለም ይባላል። ከዚያ በኋላ ወንድሟ በር ላይ ሲቆሙ "አያ፣ እርስዎ ይግቡ፤ እሱ ግን እውጭ ይቅር" አለቻቸው።

መምህሩ ተቀይመው ሳይሆን ተቸግረው ቢምረውን ጠሩ። ቢምረው የሁለተኛ ደረጃው የኮምፒዩተር አስተማሪ ነው። "ችግር የለም" ማለት ይወዳል፤ ይህን ያለ ዕለት ችግር አይጠፋም። ሁለቱን ኮምፒዩተሮች በአንድ ሽቦ እናገናኛቸዋለን፤ መምህር ከቤትዎ ቁጭ ብለው ያዛሉ፣ ወረቀቱ እትዬ ዝናሽ ጋ ይወጣል፤ ፍላሽ የሚባል ነገር አያስፈልግም አላቸው። ሽቦው እንዲያልፍ ጣት የምታህል ቀዳዳ ብቻ እበሳለሁ ብሎ ዲጅኖ አስመጣ። አባታቸው የሠራው ግድግዳ ግን ክንድ የሚያህል ውፍረት ያለው ስለሆነ ሁለት ቀን ታገለው። ሲጨርስ ቀዳዳው ድመት ታሳልፍ ነበር፤ ድመቷም ወዲያው አለፈች። ሽቦውን ካሳለፉ በኋላ ቀዳዳውን በአሮጌ ነጠላ ወተፉት።

ከዚያ ደግሞ ኮምፒዩተሮቹ አልተዋወቁም። ከአንድ ቢሮ ስለመጡ ሁለቱም የያዙት አንድ ስም ኖሯል። ቢምረው አንዱን ዝናሽ፣ አንዱን ደጅይጥኑ ብሎ ሰየማቸው። ቀጥሎ ለእያንዳንዳቸው ቁጥር መስጠት አለብኝ አለና ዝናሽን አንድ፣ መምህሩን ሁለት አደረገ። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ።

"እኔ ታላቅ ሆኜ ሁለት የምባለው በምን ሕግ ነው?"

"መምህር፣ ቁጥሩ ማዕረግ አይደለም" አለ ቢምረው።

"ካልሆነ ታዲያ ብትለዋውጠው ምን ቸገረህ?"

ለዋወጠው።

በመጨረሻ በዝናሽ ኮምፒዩተር ውስጥ "ቤተሰብ" የሚል ፎልደር ከፈተላትና "ይሄ የጋራችሁ ነው" አላት። "እዚህ የገባውን መምህርም ያዩታል። እንዲያዩ ብቻ ነው ወይስ እንዲለውጡም ልፍቀድ? እዚህች ሣጥን ውስጥ ምልክት ካደረግኩ መለወጥ ይችላሉ።"

ዝናሽ ይህ ጥያቄ ቅር አሰኛት። ታላቅ ወንድሟን ግቡ ብላ አስገብታ፣ ተቀመጡ ብላ አስቀምጣ፣ እጅዎን ግን እንዳይዘረጉ ልትላቸው ነው? "አንተ ልጅ፣ አታሳፍረኝ፤ ፍቀድላቸው" አለች። ምልክቷ ተደረገች። ዝናሽ ፎልደሩን የተረዳችው ወንድሟ ወረቀት ሲልኩላት የምትቀበልበት ሣጥን አድርጋ ነው። የራሷን በር ወለል አድርጋ መክፈቷን ያኔ የነገራት ሰው የለም፤ ነግሯት ከሆነም ድመቷን ስታባርር ነው።

የመጀመሪያው ሙከራ ዕለት መምህሩ በቤታቸው "አትም" ብለው አዘው፣ ቤቱን በሩጫ ዞረው መጥተው ወረቀቱን ከፕሪንተሩ አፍ ተቀበሉ። ገጹ ላይ ያለው አንድ "ሀ" ብቻ ነበር። ደስ ስላላቸው ሦስት ጊዜ ሮጡ። እየቆዩ ሲሄዱ መሮጡን ትተው በቀዳዳው በኩል "ወጣ?" ማለት ጀመሩ። ዝናሽ "ወጣ" ትላለች። ሦስት ወር እንዲህ እየተባባሉ በሰላም ኖሩ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት መምህሩ ወደ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ወጣ እንዳሉ ወለተ ሰንበት መጣች። ሁልጊዜ የምትቀመጥበትን ወንበር አልፋ ከባለጉዳይ አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

"ዝናሽዬ፣ ዛሬ የመጣሁት እንደ ወንድምሽ ሚስት አይደለም" አለች። "እንደ ባለጉዳይ ነው። የፍቺ ማመልከቻ ጻፊልኝ።"

የሚከሰሱት የገዛ ወንድሟ ናቸው። ነገር ግን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ዘመዴ ነው ብላ የመለሰችው ባለጉዳይ የለም፤ ዛሬ ልትጀምር አልወደደችም። ወረቀት አመቻችታ "ተናገሪ" አለቻት።

"መጀመሪያ አንድ ነገር ስሚኝ። እሱ ከሰማ ሽማግሌ ይሰበስባል። ሁለት ጊዜ ሰብስቦ ሁለት ጊዜ ታርቄያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ በማግሥቱ እንጀራ እየጋገርኩ ምድጃ በኽምጣንጋ ምን እንደሚባል ጠይቆኛል። ወረቀቱ ዳኛ እጅ እስኪገባ እንዳይሰማ። ከሰማ የሚሰማው ካንቺ ነው፤ ከእኛ በቀር የሚያውቅ የለም። ያን ቀን ደጄን አትረግጪም። ለከተማውም የዝናሽ አፍ ተከፍቷል ብዬ እናገራለሁ።"

ዝናሽ "እኔን ነው እንዲህ የምትዪኝ?" አለች። ግን ፈራች። እንጀራዋም ክብሯም ያ የተዘጋ አፍ ነው፤ የገዛ ወንድሟ ሚስት ተከፈተ ካለች ከሰቆጣ እስከ ደሃና ሁለተኛ ጉዳዩን የሚነግራት ሰው አይኖርም።

ወለተ ሰንበት ተናገረች፤ ዝናሽ መታች። አንደኛ፣ ተጠሪ የተባለው ባሏ ከንጋት ጀምሮ ቃል እየጠየቀ ሥራ ያስፈታታል። ሁለተኛ፣ እናቷ የሞተች ጊዜ ለቅሶ ላይ ተቀምጦ አልቃሿ የምታወርደውን ሙሾ በደብተር ሲገለብጥ ነበር። ሦስተኛ፣ ተቆጥታ ስትሰድበው መልስ በመስጠት ፈንታ ስድቡን ይመዘግባል፤ አልፎም "ድገሚልኝ" ይላል። እዚህ ላይ ዝናሽ ሳቋ ሊያመልጣት ሲል ከንፈሯን ነከሰች። አራተኛ፣ በእነዚህ አሥራ አንድ ዓመታት አንድም ቀን፣ በአማርኛም ሆነ በኽምጣንጋ፣ "ደክሞሻል ወይ" ብሎ ጠይቋት አያውቅም። እዚህ ላይ ሳቋ ጠፋ።

የፕሪንተሩ ቀለም አልቆ አዲሱ ከወልድያ በሰኞው አውቶቡስ ይመጣል ስለተባለ ለማክሰኞ ተቀጣጠሩ። ዝናሽ ጽሑፉን ልታስቀምጥ ስትል የፍርድ ቤት ልማዷ መጣባት። እዚያ የሠራተኛ ዘመድ መዝገብ ከሌላው ሰው መዝገብ ጋር አይቀላቀልም፤ ሰው እንዳይጠረጥር ለብቻው ይቀመጣል። ስለዚህ የወለተ ሰንበትን ማመልከቻ ከባለጉዳዮቹ ለይታ፣ ተጠንቅቃ፣ ደንቡን ጠብቃ፣ "ቤተሰብ" ውስጥ አስቀመጠችው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ መምህሩ መጥተው ተቀመጡ። ደብተራቸውን አልያዙም። "ዝናሽ፣ ሰው ራሱን መክሰስ ይችላል ወይ በሕግ?" አሉ።

ዝናሽ መዝገበ ቃላቱ "ከ" ላይ የደረሰ መሰላት። "አያ፣ ከሳሽና ተከሳሽ አንድ ሰው ከሆነማ ዳኛው ሁለቱንም ያባርራቸዋል" አለች።

"እህ" አሉና ተነሥተው ሄዱ። ያለችውን አለመጻፋቸው ገርሟት ነበር፤ ግን ጠግበው ይሆናል ብላ ተወችው።

ሰኞ ቀለሙ መጣ፤ ማክሰኞ ወለተ ሰንበት መጣች። ዝናሽ በሩን ዘግታ አተመችና ወረቀቱን አንሥታ ማንበብ ጀመረች።

"አንደኛ፦ ተጠሪ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ፣ በቀን በአማካይ አርባ ቃል እየጠየቀ..." አርባ የሚል ነገር መምታቷ ትዝ አይላትም።

"አርባ ነው እንዴ?" አለች ወለተ ሰንበት። "እኔ ሃያ መስሎኝ። እንዴት አድርገሽ ቆጠርሽው? ደግ አደረግሽ፤ ቀጥዪ።" ትዕግሥት ስላልነበራት እየሰማች አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነከረች።

"ሁለተኛ፦ ... ሙሾውን ሲገለብጥ ነበር፤ ያውም በቀይ እስክሪብቶ።"

"እውነት ነው፣ ቀይ ነበር" አለች ወለተ ሰንበት። "እኔ ረስቼው።"

ዝናሽ ይህንንም መምታቷ ትዝ አላላትም፤ ግን ማመልከቻ ተጀምሮ አይቋረጥም። ሦስተኛውን አነበበች። አራተኛውን አነበበች። ወረቀቱ እዚያ ማለቅ ነበረበት፤ አላለቀም።

"አምስተኛ፦ በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሦስት ሺህ ሁለት መቶ ቃላት በሙሉ ከአመልካች አፍ የወጡ ሆነው ሳለ፣ ተጠሪ በሽፋኑ ላይ የራሱን ስም ብቻ ጽፏል። አመልካች ፊደል ስለማትለይ ይህን በደል አላወቀችም። ተጠሪ ግን ያውቃል።"

ወለተ ሰንበት ጥቁር ጣቷን እንደሰቀለች "እኔ ይህን አላልኩም" አለች። "ማን ጻፈው?"

ዝናሽ ዓይኗ ከወረቀቱ ወደ ኮምፒዩተሩ፣ ከኮምፒዩተሩ ወደ ሽቦው፣ ሽቦውን ተከትሎ ወደ ተወተፈው ቀዳዳ ሄደ። ቢምረው ያደረጋት ያቺ ምልክት አሁን ገባቻት። መዋሸት ትችል ነበር፤ እኔ ጨመርኩት ብትል ማን ያውቃል? ግን ያንን አፍ ለውሸት አልነበረም የዘጋችው።

"ወለቴ፣ ጉዳይሽ አምልጧል" አለች። "በአፌ አይደለም፤ በእጄ ነው። የጋራ ቦታ አስቀምጬው አያ አግኝተውታል። ሠላሳ አንድ ዓመት አንዲት ነገር ሳትወጣኝ፣ የወጣችው ያንቺ ሆነች። ደጄን አትርገጪ ብትዪኝ እውነትሽን ነው፤ ለከተማውም ተናገሪ።" እንባዋ መጣ። በሥራዋ ላይ ስታለቅስ ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ወለተ ሰንበት የሰማቻትም አትመስልም። ወረቀቱን ነው የምታየው።

"አምስተኛውን ድገሚልኝ" አለች።

ዝናሽ አፍንጫዋን ጠርጋ ደገመችው። ገና ሳትጨርስ ፕሪንተሩ ማንም ሳይነካው ተንቀሳቀሰና አንድ ወረቀት ሳበ። ሁለቱም ሴቶች ዞረው አዩት። ወረቀቱ ቀስ እያለ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተኛ። ከነጠላው ውታፍ ጀርባ፣ እንደ ወትሮው ሳይሆን ዝግ ባለ ድምፅ፣ "ወጣ?" ተባለ።

"ወጣ" አለች ዝናሽ።

የመጽሐፉ ሽፋን ነበር። ወለተ ሰንበት ሳትጠየቅ "አንብቢው" አለች፤ ዝናሽም አነበበች። "የኽምጣንጋና የአማርኛ መዝገበ ቃላት። የቃላቱ ባለቤት ወለተ ሰንበት ገብረ አምላክ። ጸሐፊ ደጅይጥኑ።"

"የቱ ጋ ነው ስሜ?"

ዝናሽ በጣቷ አሳየቻት። ከላይ ነበር፤ ከወንድሟም ስም ይገዝፍ ነበር። ወለተ ሰንበት አጎንብሳ ብዙ አየችው። አባቷ ስንቱን ልጅ ሲያስጽፉ እሷ እንስራ ተሸክማ ታልፍ ነበር፤ ስሟን ተጽፎ ስታይ በስልሳ ዓመቷ መጀመሪያዋ ነው። ፍቺውንም ሽማግሌውንም ረስታ ያንን ጥቁር አውራ ጣቷን ከስሟ አጠገብ ልታሳርፍ አወረደች።

የዝናሽ አፍ ደግሞ ከልማዱ የተነሣ ሳታስበው "ሐሰት የለበትም?" አለ።

ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ወለተ ሰንበት ቀና ብላ ዝናሽን አየቻት፤ ወዲያው ዓይኗን ሰበረች።

"አለበት" አለች።

"ምኑ ላይ?"

"ስናደድ የነገርኩት ሁሉ ሐሰት ነው። ወጡ እያረረብኝ መጥቶ ሲነዘንዘኝ አፌ ላይ የመጣውን ነገር እሰጠው ነበር። እሱም ያምናል፤ ይጽፈዋል። የማረሻውንና የቀንበሩን ክፍል በሙሉ እንዲያው ፈጥሬለታለሁ። የእሱ ስም ብቻ ሲኖርበት ምን ገዶኝ። እኔ ከገባሁበት ግን ሐሰት ላይ ጣቴን አላሳርፍም።"

"ስንት ቃል ይሆናል?" አለች ዝናሽ፤ ቀስ ብላ።

"እኔ ልቆጥረው? በጾም የነገርኩት አብዛኛው ነው። ተርቤ እያለሁ ነው የሚመጣብኝ።"

ከወዲያ ማዶ ወንበር ሲወድቅ ተሰማ። ቀጥሎ ውታፉ ተነቀለና በቀዳዳው የመምህር ደጅይጥኑ አንድ ዓይን ታየ።

"በየትኛው ጾም?" አሉ መምህሩ።

"በሁሉም" አለች ወለተ ሰንበት።

ከወዲያ የሚሰማው የገጽ መገለጥ ብቻ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ብዙ ገጽ። ከብዙ ቆይታ በኋላ መምህሩ "ወለተ ሰንበት" አሉ። "አቤት" አለች። "ደክሞሻል ወይ?"

እሷም "ዛሬ እንኳ ደክሞኛል፤ ነገ ጠይቀኝ" አለችና ጣቷን በማመልከቻው ወረቀት ጠርጋ፣ ወረቀቱን ጨብጣ ይዛ ሄደች። ከበሩ ስትወጣ ግን መለስ ብላ "ዝናሽዬ፣ አንቺ አላወራሽም፤ ሽቦው ነው ያወራው" አለቻት። ዝናሽ ያን ቀን በእፎይታ ምሳዋን ሁለት ጊዜ በላች።

በማግሥቱ ቢምረው ተጠርቶ ያቺን ምልክት አነሣ። ለምን እንደሆነ ቢጠይቅ ዝናሽ "እንዲያው ነው" አለችው። መምህሩ ሦስት ሺህ ሁለት መቶውን ቃል ከ"ሀ" ጀምረው እንደ አዲስ ጠየቁ፤ ከእያንዳንዱ ቀን ጥያቄ በፊት ግን አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፤ መልሱ "ደክሞኛል" ከሆነ ደብተሩ ይታጠፋል። በጾም ጭራሽ አይጠየቅም። በዚህ የተነሣ ለፋሲካ ይወጣል የተባለው መጽሐፍ ሁለት ፋሲካ አለፈው። ከትምህርት ጽሕፈት ቤትም፣ ከቤተ ክርስቲያንም፣ ከገበያም ሰው እየመጣ ዝናሽን "ያ መጽሐፍ ምን ነክቶት ነው የዘገየው?" ይላታል።

"መብራት እየጠፋ ነው" ትላለች ዝናሽ።